ጣቴ ላይ የቀረው ግራሶ

ማክሰኞ ማታ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሊል ትንሽ ይቀረዋል። እራት ልበላ እጄን ስታጠብ ከቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ሰማያዊ ግራሶ አየሁ። ቀን ሥራ ላይ ጓንቴን አውልቄ የግራሶ ማስገቢያዋን ጫፍ ስጠርግ የነካኝ መሆን አለበት። እንደ ልማዴ በሁለት ጣቴ አሸት አሸት አደረግኩትና ጣቶቼን አላቀቅኳቸው። ግራሶው እንደ ማር ተሳበ። ክር ሠራ።

እራቱ በዚያው ቀረ።

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በአንድ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ አሁንም እዚያው ነው። ኩባንያው ይህንኑ የመሰሉ ሌሎች ማመንጫዎችም አሉት። ሥራዬን ስናገር ዘመዶቼ ነጭ ልብስ ለብሼ የሚያብረቀርቅ ነገር በመቆንጠጫ ሳነሳ ይታያቸዋል። እናቴማ ስንት ጊዜ በስልክ "ልጄ፣ ያንን ቦምብ ተወውና ሌላ ሥራ ፈልግ" ብላኛለች። እኔ መካኒክ ነኝ። ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ ሞተር፣ ኩሽኔታ። እጄ የሚሸተው ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ስሠራ ይሸት የነበረውን ነው።

ያን ቀን የነካሁት ከወንዝ ውኃ የሚስብ የአንድ ትልቅ ፓምፕ ሞተር ነው። ሥራው ለኩሽኔታዎቹ፣ የሞተሩን ዘንግ ይዘው ለሚያሽከረክሩት፣ ግራሶ መስጠት ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ግን ፓምፑ ተራ ፓምፕ አይደለም። መኪና ቁልፉን ስታጠፋው ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቀዝቀዝ ነው። ሪአክተር፣ ማለትም ማመንጫው ውስጥ ሙቀቱ የሚፈጠርበት ክፍል፣ እንዲህ በቀላሉ አይገላገሉትም። ብታጠፋውም ነዳጁ ውስጥ የተፈጠሩት ነገሮች ሙቀት መስጠታቸውን ይቀጥላሉ። ልክ እንደጠፋ ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ ያህል ሙቀት ይቀራል። 6 በመቶ ትንሽ ይመስላል። 1000 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ማመንጫ ግን ሪአክተሩ የሚያወጣው ሙቀት 3000 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። የዚያ 6 በመቶ 180 ሜጋ ዋት ይሆናል። ቆቃ ግድብ በሙሉ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው የሚያመነጨው። "ጠፋ" ከተባለ ማሽን ከአራት ቆቃ የሚበልጥ ሙቀት ይወጣል ማለት ነው። በሰዓታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ግን ለብዙ ቀናት ውኃ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በማርች 11 ቀን 2011 ፉኩሺማ ላይ ሲሠሩ የነበሩት ሪአክተሮች መሬት እንደተንቀጠቀጠ በራሳቸው ጠፍተው ነበር። ጉዳት ያመጣው ከዚያ በኋላ የመጣው ማዕበል ነው። የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቃቸውና ማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ አጣ።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ፓምፕ ብቻውን አይቀመጥም። መስመር ኤ አለ፣ መስመር ቢ አለ። አንዱ ቢቆም ሌላው ይሠራል። አንድ ሳምንት ኤ ላይ ከተሠራ ቢ አይነካም። ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ቀዳዳ ግን አለው፦ ሁለቱንም የሚነካው እጅ ያው ከሆነ፣ ያው እጅም ያንኑ ስህተት ይዞ ከሄደ፣ ሁለትነታቸው የወረቀት ላይ ሁለትነት ይሆናል። የመስመር ቢ ተራ የሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ግራሶውን የምሰጠውም እኔው ነበርኩ።

ግራሶን በጣት ማወቅ ያስተማሩኝ የጋራዡ ባለቤት ናቸው። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ቆርቆሮ ይከፍቱና ጣታቸውን ነክረው "ይሄ ለጎማ ኩሽኔታ፣ ይሄ ለዲናሞ" ይሉናል። የሚሳበውና የሚጣበቀው ለጎማ፣ እንደ ቅቤ ለስለስ ብሎ የሚቆረጠው ለዲናሞ። ኬሚስትሪውን አልነገሩንም፤ አያውቁትም ነበር። እኔ የተማርኩት አሜሪካ መጥቼ ነው። ግራሶ ማለት ዘይት ነው፤ ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይዞ የሚያቆየው ሌላ ነገር አለ። የእኛ ሞተሮች የሚወስዱት ፖሊዩሪያ የሚባለው የያዘውን ነው። ሌላው ሊቲየም የያዘው ነው፤ ጣቴ ላይ የተሳበው ይሄኛውን ይመስላል። ሁለቱ ሲደባለቁ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ስፖንጁ ይላላል፣ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ኩሽኔታው ይደርቃል። ዛሬ አይደለም፣ ነገም አይደለም። ምናልባት ከወራት በኋላ፣ ፓምፑ በጣም በሚፈለግበት ሌሊት።

ጋሼ ሌላም ነገር አስተምረውኛል። ብሎን ከሰበርክ፣ ዕቃ ካሳሳትክ ለባለ መኪናው አትናገር። አስተካክለህ ዝም በል። "የጋራዥ ገበና ከጋራዥ አይወጣም" ይሉ ነበር። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ስሙ የጠፋ ጋራዥ በሁለት ሳምንት ይዘጋል፤ ስምንት ልጅ እንጀራ የሚበላው ከእሳቸው ነበር።

እና እኔ መታጠቢያው ጋ ቆሜ ጣቴን አያለሁ። ማንም አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ትክክለኛው ግራሶ ተጽፏል። አብሮኝ የነበረው ልጅ አረጋግጦ ፈርሟል። ኩሽኔታው ከወራት በኋላ ቢበላሽ "አረጀ" ይባላል። ምናልባትም አይበላሽም። ደግሞ ተሳስቼም ሊሆን ይችላል፤ በጣት ስንት ነገር ይታወቃል?

ባለቤቴ ነርስ ናት። "ምን ሆነሃል? ወጡ እየበረደ ነው" ብላ መጣች። ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና "እኔ ለሰው ያላዘዙለትን መርፌ ወግቼ፣ ሰውየው ደህና ስለመሰለኝ ዝም ብዬ እዚህ ብመጣ ምን ትለኝ ነበር?" አለችኝ።

"እሱ ሰው ነው፣ ይሄ ሞተር ነው" አልኳት።

"ሞተሩ ማንን ሊያቀዘቅዝ ነው የተቀመጠው?"

ስልኬን ይዛልኝ መጣች።

መቆጣጠሪያ ክፍል ደወልኩ። የሺፍቱ ኃላፊ አነሳ። ስሜን ነገርኩት፣ የፓምፑን ቁጥር ነገርኩት፣ "የተሳሳተ ግራሶ የሰጠሁት ይመስለኛል" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ፤ ሲጽፍ ይሰማኛል። ከዚያ ያልኩትን በሙሉ ቃል በቃል ደገመልኝ። "ልክ ነው" አልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሥራ ስጀምር ይህ መደጋገም ያስቀኝ ነበር። አንዱ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ሌላው ይደግመዋል፣ የመጀመሪያው "ልክ ነው" ይላል፣ ከዚያ ነው እጅ የሚንቀሳቀሰው። የቄስ ትምህርት ቤት የተመለስኩ ይመስለኝ ነበር። የኔታ "ሀ" ሲሉ "ሀ"፣ "ሁ" ሲሉ "ሁ"። ያን ሌሊት ግን አፌ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር የፓምፑን ቁጥር አዘበራርቄ ነው የነገርኩት። ሲደግመው ነው የሰማሁት። አረምኩት።

"አመሰግናለሁ" አለኝ።

"ልምጣ?"

"አይሆንም። ከሥራ ከወጣህ 10 ሰዓት አልሞላህም። ተኛ።" ሕግ ነው፤ የደከመ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ መፍቻ አይዝም። ስልኩን ዘጋው። ፓምፑን "አይሠራም" ብለው መዝግበው ሰዓት መቁጠር ጀመሩ። ለእንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ የሚሰጠው ጊዜ 72 ሰዓት ነው። በዚያ ውስጥ ካልተመለሰ ማመንጫው በሙሉ መቆም ይጀምራል። የአንድ ቀን መቆም ስንት እንደሚያስከፍል ስለማውቅ፣ ተኛ የተባልኩትን እንቅልፍ የት አባቴ አገኘዋለሁ?

ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ያሰብኩት ሥልጠና ላይ የሚነግሩንን ታሪክ ነው። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ማርች 28 ቀን 1979፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ስሪ ማይል አይላንድ፣ ሁለተኛው ሪአክተር። ዋናው የውኃ መስመር ቆመ። የመጠባበቂያ ፓምፖቹ ወዲያው ተነሡ፤ ውኃው ግን አልደረሰም። መስመሩ ላይ ያሉት ሁለት ቫልቮች ተዘግተው ነበር። ከሁለት ቀን ገደማ በፊት ፍተሻ ተደርጎባቸዋል። የኮንትሮል ሩም ሰዎች ይህን ያወቁት ከ8 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ከጠቋሚ መብራቶቹ አንዱ በጥገና ካርድ ተሸፍኖ ነበር። ካርድ! የእኔ ቢጤ መካኒክ የሚያንጠለጥላት ወረቀት።

የባሰው ግን ሌላ ቫልቭ ነበር። ግፊት ሲበዛ ለማስተንፈስ የሚከፈት፣ ከዚያ የሚዘጋ። ተከፈተ፤ አልተዘጋም። ሰሌዳው ላይ ያለው መብራት "ተዘግቷል" የሚል መሰላቸው። መብራቱ ግን የሚያሳየው "ዝጋ" የሚለው ትእዛዝ መላኩን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ከሁለት ሰዓት በላይ ውኃው በዚያ ወጣ። ነዳጁ ያለበት የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1977፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ በሚባል ማመንጫ፣ ያው ኩባንያ በነደፈው ሪአክተር፣ ያው ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። ሠራተኞቹም በኋላ ፔንሲልቬንያ ላይ የተደገመውን ስህተት ሠርተዋል፤ ውኃው የበዛ መስሏቸው መጠባበቂያውን አጥፍተዋል። ሪአክተሩ ያኔ በ9 በመቶ ኃይል ብቻ ነበር የሚሠራው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ነቅተው ዘጉት። ማንም አልተጎዳም። "ይሄ ነገር ሌላ ቦታ ይደገማል" ብለው የጻፉ መሐንዲሶችም ነበሩ። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ከዚያ ቀን 18 ወር አለፈ። ፔንሲልቬንያ ሳይደርስ ነገሩ ራሱ ደረሰ።

በ1979 ዲሴምበር ላይ የአሜሪካ ማመንጫዎች ባለቤቶች አትላንታ ላይ ኢንፖ የሚባለውን ተቋም አቋቋሙ። ሥራው አንዱ ያየውን ለሌላው ማድረስና እርስ በርስ መፈታተሽ ነው። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ማመንጫዎች በዓመት ከሚችሉት 60 በመቶ እንኳ አያመነጩም ነበር፤ ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ ናቸው። አዲስ ተአምረኛ ማሽን አልመጣም። አብዛኞቹ እነዚያው አሮጌ ማሽኖች ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት ስደርስ ሞተሩ ተከፍቷል። ግራሶው ከኩሽኔታዎቹ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ትክክለኛው ተሰጥቶታል። አስነሥተው ንዝረቱንና ሙቀቱን ሲለኩ ዋሉ። ደህና ነው። ከ72ቱ ሰዓት 29ኙ ሲሄድ ፓምፑ ተመለሰ። የእኔ ጣት አልተሳሳተችም ነበር። ጋሼ ነፍሳቸውን ይማር።

እኔን አንድ ጠረጴዛ አስቀመጡኝና የሆነውን በራሴ እጅ ኮምፒውተር ላይ እንድጽፍ ነገሩኝ። እኛ ጋ ማንም ሰው ይጽፋል፤ የላላ የወለል ንጣፍም ይሁን የቆመ ፓምፕ። በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ነው። ገበናዬን በገዛ እጄ፣ ሁሉም በሚያነብበት ቦታ። ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ሦስተኛው ላይ ላክሁት።

ከዚያ የመጡት ሰዎች ጥያቄ ገረመኝ። "ለምን ተሳሳትክ?" አላሉም። "መደርደሪያውን አሳየን" ነው ያሉት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ሁለት ግሪስ ጋን፣ ማለትም የግራሶ ማስገቢያ፣ አንድ ዓይነት መልክ። ሁለቱም ግራሶዎች ሰማያዊ። ሁለቱም ላይ የተለጠፈው ወረቀት በዘይት ተበልቶ ጠፍቷል። ከአራት ወር በፊት ቁም ሣጥኑ ሲጸዳ ቦታ ተለዋውጠዋል። እኔ ሁልጊዜ ከግራ በኩል ነበር የማነሣው፤ እጄ ወደ ግራ ሄደች። የሥራ ወረቀቱ ደግሞ "በሰንጠረዡ መሠረት ግራሶ ስጥ" ይላል፤ ሰንጠረዡ ሌላ ሕንፃ ውስጥ፣ ሌላ ክላሰር ውስጥ ነው። ያረጋገጠልኝ ልጅም ያው መደርደሪያውን አይቶ ነው የፈረመው። አራት ዓይን አየ፤ ግራሶውን ያየ ግን አልነበረም።

ከዚያ አንዷ መሐንዲስ "ሌላስ የት አለ?" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ያ ጥያቄ ግን ክፍሉን ዝም አሰኘው። መዝገብ ተገለበጠ። ከሦስት ወር በፊት፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በዚያው ግሪስ ጋን የመስመር ቢ አንድ ሞተር ግራሶ ተሰጥቶታል። ናሙና ወሰዱ፤ ተደባልቋል። በየወሩ በሚደረገው የንዝረት ልኬት ላይ ገና ምንም አይታይም ነበር። ደግነቱ ኤ ተመልሶ ስለነበር ቢን በተራው አውጥተው አጸዱት። ያኔ ነው ወንበር ፈልጌ የተቀመጥኩት። ሁለቱም መስመር፣ ከአንድ ቁም ሣጥን።

ገነት ነው እያልኩ ግን አይደለም። ፈቃዴ ለሁለት ሳምንት ታግዶ እንደ አዲስ ተፈተንኩ። የፈረመው ልጅ ለወር ያህል ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም፤ አልፈርድበትም። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ደግሞ "በኛ ጊዜ ቢሆን ዝም ብለን በሳምንቱ አጽድተን እንሄድ ነበር" አለኝ። ጋሼን በእንግሊዝኛ የሰማሁ መሰለኝ።

በነገራችን ላይ በዚህ ሰበብ ሌላ ነገርም ወጣ። ለአንዳንዶቹ ሞተሮች የምንሰጠው ግራሶ ራሱ በዝቷል። የጋራዥ ልጅ ግራሶ ሲበዛ ደስ ይለዋል፤ ሞልቶ እስኪወጣ ካልሰጠ የሠራ አይመስለውም። የኤሌክትሪክ ሞተር ኩሽኔታ ግን በግራም ነው የሚለካለት። ሲበዛበት ሲሽከረከር ግራሶውን ያቦካዋል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። ማሽንን መንከባከብ ማለት ደጋግሞ መንካት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። የተነካ ማሽን ሁሉ ግን አንድ አዲስ የስህተት ዕድል ይዞ ይመለሳል። አሁን አንዳንዶቹን ቀኑ ስለደረሰ ብቻ አንከፍትም፤ ንዝረታቸውንና ሙቀታቸውን አይተን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኩባንያው የሁሉንም ማመንጫዎች መካኒኮች በስልክ ሰበሰበ። አለቃዬ "አንተ ተናገር" አለኝ። በዚህ አክሰንቴ! ወረቀት ላይ ጽፌ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ፀጥ አለ። በመጨረሻ አንዱ ከሌላ ማመንጫ "ቆይ፣ የኛን ልየው" ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ ሄደ። የእግሩ ኮቴ ይሰማል። የቁም ሣጥን በር ይሰማል። ተመለሰና አንዲት ቃል ተናገረ፤ እዚህ አልጽፋትም። እነሱም ጋ ስም የሌለው ግሪስ ጋን ነበር።

አንድ ዓይነት ማሽን በብዙ ቦታ ሲኖርህ መልካሙም ክፉውም አንድ ላይ ይመጣል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2021 56 ሪአክተር ነበራት፤ በጥቂት ንድፍ የተሠሩ ናቸው። በዚያ ዓመት መጨረሻ ሲቮ በሚባል ማመንጫ ላይ የአደጋ ጊዜ ውኃ የሚያስገባው ቧንቧ ብየዳ አጠገብ ስንጥቅ ሲገኝ ወንድሞቹን ሁሉ መፈተሽ ግድ ሆነ። አራቱ የዚያ ንድፍ ሪአክተሮች ቆሙ፤ ከሌላ ንድፍም ተጨመረ። በ2022 የአገሪቱ የኒውክሌር ምርት ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ዝቅተኛ ሆነ። ዋጋው ከባድ ነበር። ግን አንዱ ላይ ያዩትን ሌላው ላይ ሄደው ፈለጉ፤ ስንጥቁ እስኪያፈስስ አልጠበቁም።

ባለፈው ጸደይ ነዳጅ ለመቀየር አንዱ እህት ማመንጫችን ሲቆም ለእርዳታ ተላክሁ። በየ18 ወሩ ይመጣል፤ ሰው ከየቦታው ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ጎረምሳ መካኒክ ዕቃ ቤቱን አስጎበኘኝ። የግራሶው ቁም ሣጥን ጋ ስንደርስ ቆመ። ሁለቱ ግሪስ ጋኖች ቀለማቸው የተለያየ ነው። አፋቸውም የተለያየ ነው፤ አንዱ የሌላው ሞተር ላይ አይገባም። የግራሶው ስም ብረቱ ላይ ተቀርጿል።

"ይሄን እንዳታሳስት" አለኝ በቁም ነገር። "አንድ ማመንጫችን ውስጥ አንድ ሰውዬ አደባልቆ፣ እቤቱ እራት ሊበላ ሲል በጣቱ አወቀው ይባላል።"

"በጣቱ?"

"በጣቱ። እኔ አላምንም፤ ግን እንዲህ ነው የሚያወሩት።"

"ሰውየውስ ምን ሆነ?"

ትከሻውን ነቀነቀ። "እኔ እንጃ። አሁንም እዚያው ይሠራል መሰለኝ።" ከዚያ አረንጓዴውን አውርዶ ሰጠኝ። "አረንጓዴው፣ ለሞተር" አለ።

"አረንጓዴው፣ ለሞተር" አልኩ።

"ልክ ነው።"